ሸንኮራ አገዳ፦ የምንጥለው አንጓ ውስጥ ምን አለ?

ሸንኮራ ሲገዙ ሻጩ ቢላዋውን ከማንሳቱ በፊት ቀደም ይበሉትና «አትላጠው፣ እንዳለ ስጠኝ» ይበሉት። ጫፉ ካልተቆረጠ ደግሞ ከነጫፉ ይውሰዱት። ቤት ሲደርሱ ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙትና ትንሽ አገላብጠው ይዩት።

አብዛኞቻችን ሸንኮራን የምናውቀው በጥርሳችን ነው። እንልጠዋለን፣ እናኝከዋለን፣ መጥጠን ምጣጩን እንጥላለን። አንጓውንማ ጥርስ አይበግረውም ብለን ገና ሳንቀምሰው ቆርጠን እንወረውረዋለን። የተክሉ ትልቁ ጥበብ ያለው ግን እዚያ የምንወረውረው ላይ ነው።

ሸንኮራ ሣር ነው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ቀርከሃ፣ ግቢዎ ውስጥ አልጠፋም ብሎ የሚያስቸግርዎት ሰርዶም ጭምር ዘመዶቹ ናቸው። ልጅ ሆነው ጥንቅሽ መጥጠው ካደጉ ዝምድናውን ምላስዎ ያውቀዋል፤ ጥንቅሽ አገዳው የጣፈጠ ማሽላ ነው። ልዩነቱ ማሽላና በቆሎ ስንቃቸውን በመጨረሻ ወደ ፍሬያቸው ጭነው ስታርች ሲያደርጉት፣ ሸንኮራ ግን እዚያው አገዳው ውስጥ በውሃ የሟሟ ስኳር አድርጎ ማኖሩ ነው።

አሁን አንዱን አንጓ ይያዙ። ዙሪያውን ቅጠሉ ተያይዞ የነበረበት ጠባሳ ያገኛሉ። ከጠባሳው በላይ በአንድ ወገን የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ጠፍጣፋ እብጠት አለች፤ ዓይን የምንላት እሷን ነው። ቀጥሎ ያለውን አንጓ ይዩ፤ እዚያ ዓይኗ በተቃራኒው ወገን ናት። አገዳው እስኪያልቅ ድረስ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ እየሆኑ ይወጣሉ።

ወደ መጀመሪያው አንጓ ይመለሱ። በዓይኗ ትክክል አገዳውን የሚዞር ጠባብ ቀበቶ አለ፤ ቀበቶው ላይ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። ካልታዩዎት ብርሃን ወዳለበት መስኮት ጠጋ ይበሉ። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ተሠርታ ያለቀች፣ እርጥበት ብቻ የምትጠብቅ ሥር ናት።

እንግዲህ ይቁጠሩት። ዓይኗ ግንድና ቅጠል የሚሆነውን ይዛለች፤ ቀበቶው ሥሩን ይዟል፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ጣፋጭ ክፍል ደግሞ ውሃና ስንቅ ነው። ያ እርስዎ የሚመጥጡት ስኳር የተቀመጠው ለዚህች ዓይንና ከጉቶው ለሚያቆጠቁጡት ነው። አንዲት ቁራጭ ሸንኮራ ሙሉ ተክል ናት፤ የጎደላት አፈርና ሙቀት ብቻ ነው።

ከጠባሳው በታች ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ በጥፍርዎ ይፋቁት። ሰም ነው። አንድ ጠብታ ውሃ ሰሙ ያለበት ላይ፣ ሌላ ጠብታ ደግሞ ሰሙን የፋቁበት ላይ ያኑሩ። የመጀመሪያዋ ድቡልቡል ብላ ተንከባልላ ትሄዳለች፤ ሁለተኛዋ ተለጥፋ ትቀራለች። በዚህ ሰም ምክንያት ነው ያልተላጠ ሸንኮራ ቶሎ የማይደርቀው። ሻጮች ከነልጣጩ አቁመው የሚያቆዩት፣ የሚልጡትም ገዢ ሲመጣ ብቻ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቅጠል ያለው ጫፍ ካገኙ ሌላም ነገር አለ። የቅጠሉን ጠርዝ ከሥሩ ወደ ጫፉ በጣትዎ በቀስታ ያስኪዱት፤ ይለሰልሳል። ከጫፍ ወደ ሥር ግን አይሞክሩት፣ ይቆርጥዎታል። ጠርዙ ላይ ወደ ጫፉ ያዘነበሉ ረቂቅ ጥርሶች አሉ። የሚያጠነክራቸው ሲሊካ ነው፤ ተክሉ ከአፈር በውሃ አሟሙቶ ይስበውና ቅጠሉ ውስጥ ያጠጥረዋል። መስታወት የሚሠራበት አሸዋም በአብዛኛው ይኸው ሲሊካ ነው።

አሁን ቢላዋውን ያንሱ። ከታችኛው ጫፍ አንድ ጉራሽ፣ ከመካከል አንድ፣ ከላይ ለምለም ከሆነው አንድ ይቁረጡ። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ዓይኑን ሸፍነው ያቅምሱትና የቱ ከየት እንደመጣ ይጠይቁት። አይሳሳትም። የታችኛው ጣፋጭ ነው፤ የላይኛው ውሃ ውሃ፣ አንዳንዴም ጨው ጨው ይላል።

ምክንያቱ ዕድሜ ነው። አገዳው የሚያድገው ከላይ ስለሆነ ታችኛው ክፍል ከሁሉ ቀድሞ የተሠራ ነው። ላይኛው ገና ለጋ ነው፤ ከቅጠል የሚመጣለትን ስኳር ወዲያው ፈትቶ ለእድገት ያውለዋል። ታችኛው ማደጉን ስለጨረሰ የሚደርሰውን ያስቀምጣል። አምራቾች ይህን ያውቁታል። በስኳር እርሻዎች አገዳው ከመቆረጡ በፊት መስኖው ለሳምንታት ይቋረጣል። ውሃ ያጣ አገዳ ማደጉን ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ግን ፀሐይ ስላለለት መሥራቱን አያቆምም። ስለዚህ የሚሠራው ስኳር ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል። የቅዝቃዜ ወራትም ይህንኑ ያደርጋሉ።

ምን ያህል ነው የሚያጠራቅመው? ፋብሪካዎች ከ100 ኪሎ አገዳ 10 ኪሎ ገደማ ስኳር ያወጣሉ። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ደህና አገዳ ማለት 150 ግራም ስኳር ነው፤ በሻይ ማንኪያ 30 ገደማ። አራት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን ሁለት ብርጭቆ ሻይ በሁለት ሁለት ማንኪያ ቢጠጣ አንድ አገዳ ሁለት ቀን አይሞላለትም። ያንን አገዳ ለማሳደግ ግን ተክሉ ከዓመት በላይ ፀሐይ ሞቋል።

ይህን ሁሉ ስኳር የት አመጣው የሚለው ነው እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚደንቀኝ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ።

ቅጠል ስኳር የሚሠራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሥር ውሃ፣ ከፀሐይ ጉልበት ወስዶ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይዞ ወደ ሥራ የሚያስገባው ሩቢስኮ የሚባል ኤንዛይም ነው። ሩቢስኮ ግን አንድ ድክመት አለበት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከኦክስጅን በደንብ አይለይም። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። በስሕተት ኦክስጅን በያዘ ቁጥር ተክሉ ስሕተቱን ለማረም የደከመበትን ካርቦን መልሶ ያጣል። ስንዴና ገብስ በቆላ ሙቀት የሚደክሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሸንኮራ ያገኘውን መላ ለመረዳት ድግስ ያለበትን ቤት ያስቡ። ባለሙያዋ ጓዳ ውስጥ ሥራ ላይ ናት። በሩ ክፍት ሆኖ የተጠራውም ያልተጠራውም ወደ ጓዳ ቢተም ሥራዋ ይበላሻል። ስለዚህ በር ላይ አንድ የሚለይ ሰው ይቆማል። የተጠራውን ብቻ እጁን ይዞ እስከ ጓዳ ያደርሳል፣ ተመልሶ ሌላውን ይቀበላል። ሸንኮራም ሩቢስኮን በቅጠሉ ጅማቶች ዙሪያ በተደረደሩ ሴሎች ውስጥ፣ ጓዳ አስገብቶታል። በር ላይ ያቆመው ሌላ ኤንዛይም ነው፤ እሱ ኦክስጅንን ጨርሶ አይነካም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራት ካርቦን ባለው አሲድ አድርጎ ወደ ውስጥ ይልከዋል፤ ውስጥ ሲደርስ ይለቀቃል። ጓዳው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሞላ ሩቢስኮ የሚሳሳትበት ዕድል የለውም ማለት ይቻላል።

ይህ የታወቀው በሸንኮራ በራሱ ነው። በሃዋይ የስኳር አምራቾች ማኅበር የምርምር ጣቢያ ሁጎ ኮርቻክና ባልደረቦቹ ለሸንኮራ ቅጠል ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ሰጥተው መጀመሪያ የት እንደሚገባ ሲከታተሉ፣ በመጻሕፍት ከተጻፈው ባለ ሦስት ካርቦን ውሕድ ፈንታ ባለ አራት ካርቦን አገኙ። ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በዓመቱ ማርሻል ሃች እና ሮጀር ስላክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አውስትራሊያ፣ ብሪስቤን ሆነው ሂደቱ እንዴት እንደሚሄድ አሳዩ።

ይኸው መላ ሞሰብዎ ላይም አለ። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍም ሳይቀር በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። ስንዴ፣ ገብስና ሩዝ ግን ያለ በረኛ ናቸው።

ከዚህ የተነሣ አንድ የሚጠቅም ነገር ተገኝቷል። ማር ስንገዛ ሁላችንም የምንፈራው ስኳር እንዳይቀላቀልበት ነው። የሸንኮራ ስኳር በጥሩ ሁኔታ ከተቀላቀለ ምላስ ላይለየው ይችላል። ቤተ ሙከራ ግን ይለየዋል። በአየር ውስጥ ቀለል ያለና ከበድ ያለ ካርቦን አለ፤ እንደ ሸንኮራ በረኛ ያላቸው ተክሎች ከበድ ያለውን ከሌሎቹ ይበልጥ ያስገባሉ። ንቦች የሚቀስሟቸው አበቦች ደግሞ በአብዛኛው በረኛ የሌላቸው ናቸው። ስለዚህ ማሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ከሚጠበቀው በላይ ከከበደ የሸንኮራ ወይም የበቆሎ ስኳር ገብቶበታል ማለት ነው። በአውሮፓ ከሚበቅለው የስኳር ቀይ ሥር የሚወጣው ስኳር ግን በዚህ ምርመራ አይያዝም፤ እሱ በረኛ የለውም።

ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። ከተረፈዎት አገዳ የተወሰነውን ልጠው በሙቀጫ ይውቀጡትና በንጹሕ ጨርቅ ጨምቀው በሁለት ብርጭቆ ይክፈሉት። አንዱ ላይ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ይጨምሩ። ሁለቱንም ትተው ሻይ ጠጥተው ይመለሱ። ሎሚ የሌለው ጠቁሯል፤ ሎሚ ያለው ግን ያን ያህል መልኩን አልለወጠም። የተላጠ ድንችና የተቆረጠ አቮካዶ ላይ የሚያዩት ጥቁረት ከዚሁ ነው፤ ሴሉ ሲሰበር አንድ ኤንዛይም ከአየር ጋር ተገናኝቶ ያጠቁረዋል፤ ሎሚው ያን ኤንዛይም ያዳክመዋል።

ጭማቂው ውሎ ሲያድር ይኮመጥጣል፣ ይፈላልም። የተቆረጠ አገዳ ውስጥም ቀስ ብሎ ይኸው ይሆናል፤ ስኳሩ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይፈርሳል፣ ባክቴሪያም ይገባበታል። ስኳር ፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ እርሻው መካከል የሚተከለው ለዚህ ነው። የተቆረጠ አገዳ ቢቻል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መጨመቅ አለበት። እርስዎም ሲገዙ የተቆረጠውን ጫፍ አይተው ይግዙ፤ ውስጡ ቀላ ያለ ወይም የጠላ ሽታ ያለው ከሆነ ይለፉት።

አሁን እንትከለው።

ቀድሞ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ማወቅ ነው። አገዳው ቆሞ ሳለ ዓይኖቹ ለምን አይበቅሉም? ውሃ አላቸው፣ ስኳር አላቸው፣ ሙቀትም አላቸው። የሚከለክላቸው ጫፉ ነው። የሚያድገው ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን እየሠራ ወደ ታች ይልካል፤ ይህ ሆርሞን ሲወርድ ከታች ያሉት ዓይኖች ተኝተው ይቆያሉ። ጫፉ ሲቆረጥ ትእዛዙ ይቋረጣል። ጽጌረዳ ሲከረከም ከጎን የሚያቆጠቁጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ስድስት ዓይን ያለው አንድ ረጅም አገዳ ሳይቆርጡ እርጥብ አፈር ላይ ያጋድሙና ስስ አፈር ያልብሱት። ከሌላ አገዳ ደግሞ ስድስት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ አንድ ዓይን ይዞ፣ አጠገቡ ይቅበሩ። በረጅሙ ላይ ወደ ጫፍ ያሉት ቀድመው ይወጡና የታችኞቹን ወደኋላ ይይዟቸዋል። የተቆራረጡት ግን ማንም ስለማያዛቸው ሁሉም በየራሳቸው ይሞክራሉ። ቢላዋ እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ ማሳጠር ብቻ አይደለም፤ የእንቅልፉን ትእዛዝ መስበርም ነው።

ለተከላ የሚሆነው ከአገዳው የትኛው ክፍል ነው? ጣፋጩ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የሚመረጠው ያ ውሃ ውሃ የሚለው የላይኛው ሲሶ ነው። ዓይኖቹ ወጣት ናቸው፣ ልጣጩ አልጠጠረም፣ ስኳሩም ለመብቀል ወዲያው በሚጠቅም መልክ የተፈታ ነው። ታችኛውን ይብሉ፣ ላይኛውን ይትከሉ፤ ማንም አይጎዳም።

ቁራጭ ሲያዘጋጁ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን እንዲኖረው ያድርጉ። ቢላዋው የሚያርፈው አንጓው ላይ ሳይሆን በሁለት አንጓ መካከል ነው፤ ዓይኗ አጠገብ ከተቆረጠ ቶሎ ትደርቃለች። ዓይኗ ያልተቀጠቀጠች፣ አገዳው ትል ያልበሳው መሆኑን ይዩ። ቢላዋውን አስቀድመው በበረኪና ይጥረጉት። ይህን ቀላል አያድርጉት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እነግርዎታለሁ።

አፈሩን 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦይ አድርገው ይክፈቱና ከታች የበሰለ ፍግ ያድርጉ። ቁራጩን ያጋድሙት፤ ዓይኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎንና ጎን እንዲያዩ ያዙሩት። ያን ጊዜ ሁሉም እኩል ዕድል ያገኛሉ። ከላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ይበቃል። ብዙዎች ጠልቆ ሲቀበር ይጠናል ብለው ያስባሉ፤ ጠልቆ የተቀበረ ስንቁን ለመውጣት ይጨርሰዋል። የረድፎቹ ርቀት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሁን። ቦታ ከሌለዎት ከታች የተበሳ ትልቅ ባልዲ ወይም አናቱ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ቁራጭ ያሳድጋል። አገዳው አይወፍርም እንጂ ትምህርቱ ያው ነው።

አፈሩ እርጥብ እስኪሆን ብቻ ውሃ ያጠጡ። ጭቃ ውስጥ የተኛ ቁራጭ ይበሰብሳል።

ከዚያ ሙቀት ነው የሚወስነው። ዓይኗ በደንብ የምትበቅለው ከ26 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። መተሐራ፣ ድሬዳዋ፣ አርባ ምንጭ ላይ በሁለትና ሦስት ሳምንት ብቅ ትላለች። ወንዶ ገነትና ጅማ አካባቢ ጓሮ ውስጥ ለማኘክ የሚተከለው ደህና ይበቅላል። ወንጂ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ነው ያ ሁሉ የሸንኮራ እርሻ የለማው። አዲስ አበባ ግን ቅዝቃዜው ያዘገየዋል፤ ጀሪካኑን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ያድርጉትና ይታገሡ።

ሁለት ሳይሆን ሦስት ቁራጭ ይትከሉ የምለው አንዱን ቆፍረው እንዲያዩት ነው። ቡቃያው አንድ ጣት ሲያህል አፈሩን በእጅዎ ይግለጡት። ከቀበቶው ነጠብጣቦች ቀጫጭን ሥሮች ወጥተዋል፤ እነሱ የቁራጩ ሥሮች ናቸው። ከቡቃያው ግርጌ ደግሞ ወፈር ያሉ ነጫጭ ሥሮች ብቅ እያሉ ነው። የመጀመሪያዎቹ አዲሱ ተክል የራሱን ሥር እስኪያወጣ ድረስ ያጠጡታል፣ ከዚያ ይሞታሉ። ቁራጩም ስንቁን ሰጥቶ ይኮማተራል። አይተው ሲጨርሱ መልሰው ይቅበሩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በቆሎ ላደገበት ቤት አዲስ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አረም እንዳያሸንፈው ይጠብቁት። ከግርጌው ሲያቆጠቁጥና ቁጥቋጦ ሲሆን አፈር ያስታቅፉት። ፍግና ዩሪያ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ነው፤ መጨረሻ ላይ ናይትሮጅን ካበሉት ማደጉን ስለማይተው ጣዕሙ ውሃ ይሆናል። የደረቁ ቅጠሎችን አርግፈው ግርጌው ላይ ያንጥፏቸው።

ስለ ቢላዋው ልንገርዎ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ቁራጭ ስንተክል የምንተክለው የእናቱን ልጅ ሳይሆን ራሷን እናቱን ነው። ወንጂና መተሐራ ላይ ለብዙ ዓመታት ከተተከሉት ዝርያዎች አንዱ ኤንሲኦ 334 ይባላል፤ ስሙ እንደሚናገረው ዘሩ ህንድ ኮይምባቶር ተዳቅሎ ደቡብ አፍሪካ ናታል ላይ ተመርጧል። የትም ማሳ የተተከለ ኤንሲኦ 334 ሁሉ ከዚያች ከአንዲት ቡቃያ እየተቆረጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ወንጂ ላይ የአገራችንን የመጀመሪያ ስኳር ያመረተው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያም ልምዱን ያካበተው ጃቫ ላይ ነበር። ጃቫ ደግሞ ጣፋጩ ወፍራም ሸንኮራ በሽታን ከሚቋቋመው ቀጭን የዱር ዘመዱ ጋር የተዳቀለባት አገር ናት። ዛሬ በትልልቅ እርሻዎች የሚበቅለው ሸንኮራ ሁሉም ማለት ይቻላል ያ የዱር ደም አለበት።

ራሷን እናቱን መትከል ጥሩነቱ ጣፋጭ አገዳ ካገኙ የሚተክሉትም ያው ጣፋጭ መሆኑ ነው። ክፋቱ በሽታዋም አብሮ መተከሉ ነው። አረማሞ የሚባል በሽታ የያዘው ሸንኮራ ከአናቱ ረጅም ጥቁር አለንጋ ያወጣል፤ ካዩ በላዩ ያለው ዱቄት ሳይበተን በፌስታል ሸፍነው ከነሥሩ ይንቀሉት። ምንም ምልክት ሳያሳይ አገዳውን የሚያቀጭጭ ባክቴሪያም አለ፤ በቢላዋ ስለት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። እርሻዎች ለዘር የሚሆነውን ቁራጭ 50 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ይነክሩታል። ባክቴሪያውን የሚገድል፣ ዓይኗን ግን የማይገድል ሙቀት ነው፤ ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ ያለ ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ አይሞከርም። እርስዎ ጤነኛ አገዳ መርጠው ቢላዋውን ካጸዱ ይበቃዎታል።

ለመብላት መድረሱን በምን ያውቃሉ? በቆላ ከ12 እስከ 18 ወር፣ ደጋ ሲሆን ከዚያም በላይ ይፈጃል። ቀን መቁጠር ግን አያስፈልግም። አንድ አገዳ ቆርጠው ታችኛውንና ላይኛውን ይቅመሱ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ አልደረሰም፤ ላይኛውም ወደ ታችኛው እየተጠጋ ከሆነ ደርሷል። የፋብሪካ ባለሙያዎችም በመሣሪያ የሚለኩት ይህንኑ ነው።

ሲቆርጡ ከመሬት ከፍ አያድርጉት፤ አፈሩን አስታክከው ይቁረጡ። ከፍ ያለ ጉቶ ከተዉ በጣም ጣፋጩን ክፍል እዚያው ትተዋል፤ ከጉቶው ላይ የሚያቆጠቁጡትም አፈር ስለማይነኩ ሥር ሳይሰዱ ይወድቃሉ። ዝቅ ካሉ ግን ከአፈር በታች ያሉት ዓይኖች ይነቃሉ። እንደገና መትከል ሳያስፈልግዎ ሁለተኛው አገዳ ይመጣል፤ ከሱ በኋላ ሦስተኛውም። በየጊዜው ምርቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አገዳው ሲቀጥን ያዩት ዕለት አዲስ ቁራጭ ከላይኛው ሲሶ ቆርጠው ሌላ ቦይ ይክፈቱ።